ቅዳሜ ስትመጪ አታንኳኪ

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 9
ከስፌት መኪናው አጠገብ

ይድረስ ለእኔዋ ጄኔራል፣

ማዕረግሽ አስር አለቃ መሆኑን አልረሳሁም። እዚህ ቤት ግን ሹመት የምሰጠው እኔ ነኝ።

እንዴት ከረምሽ? ያ የካምፕ አልጋ ወገብሽን ምን አደረገው? እኛ ደህና ነን ብዬ ብጀምር ውሸት ይሆንብኛል፤ ታመናል ብልም ያው ነው። ልጅሽን ድንቡሼን ሳሉ ለቋታል፣ ትበላለች፣ ትምህርት ቤቷም ትሄዳለች። እኔም ሠላሳ የተማሪ ቀሚስ ተቀብዬ ከአንገትጌ ጋር እየታገልኩ ነው።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ የስንቅ መኪናው ሹፌር ነው። በስልክ እንዳልነግርሽ፣ እሁድ እሁድ የሚሰጡሽ አምስት ደቂቃ ብቻ ነው። ካንቺ ጀርባ ተራ የሚጠብቀው ሁሉ ጆሮውን አቁሟል፣ ከእኔ ጎን ደግሞ ልጅሽ ቆማለች። ቅዳሜ ለሦስት ቀን ትመጫለሽ፤ ከዚያ በኋላ ባሕር ማዶ ነሽ፣ ለዘጠኝ ወር። በሩን ከመክፈትሽ በፊት ማወቅ ያለብሽ ነገር አለ። አለቃሽ ሻምበሉ «ስትመለስ ይደርሳል፣ አሁን መንፈሷን አይረብሹት» ብሎ ለምኖኝ ቃል ገብቼለት ነበር። ቃሌን አጥፌያለሁ።

ባለፈው ረቡዕ ረፋዱ ላይ በሩ ተንኳኳ። ልጅቷ በሳሉ ምክንያት ቤት ቀርታ ከመቁረጫ ጠረጴዛው ሥር በእራፊ ጨርቅ ትጫወት ነበር። ከፈትኩ። ሁለት ወታደሮች፣ አንዱ ቀጭን አንዱ አጭር፣ ልብሳቸው የተተኮሰ፣ ቆባቸውን በብብታቸው የያዙ። ሙሉ ስምሽን ከነማዕረግሽ ጠሩና «ባለቤታቸው እርስዎ ነዎት?» አሉኝ።

«ነኝ።»

«ቢቀመጡ ይሻላል።»

«ምን ሆናችሁ ነው? ቆሜ እሰማለሁ።»

አጭሩ ወረቀቱን ገልጦ ማንበብ ጀመረ። በግዳጅ ላይ ሳሉ ሕይወታቸው ማለፉን፣ በጥልቅ ሐዘን፣ እያለ ቀጠለ። ልብ ብዬ ያየሁት የኮቱን ሁለተኛ ቁልፍ ነው። ጥቁር አረንጓዴ ኮት ላይ በሰማያዊ ክር ተተክሏል። ይህን የተከለው የትኛው ግድ የለሽ ነው እያልኩ ነበር፣ እመኚኝ። አንቺ ከዚህ የሁለት ሰዓት መንገድ ርቀሽ ካምፕ ውስጥ ነሽ፣ ገና አውሮፕላን አልተሳፈርሽም። በዚያ ሰዓት ግን ማን ያስባል? ወለሉ ላይ ወድቄ ሰው ሰምቶት የማያውቅ ድምፅ አወጣሁ። እኔም ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም።

ቀና ስል ቀጭኑ ቆሞ ሌላ ወረቀት ላይ ምልክት ያደርጋል። ብዙ ቆዩ፤ ሩብ ሰዓት ያህል። ውኃ ሰጡኝ፣ ትከሻዬን ያዙኝ። መጨረሻ ላይ አጭሩ ፈገግ ብሎ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ጌታዬ፣ በእውነት ጎበዝ ነዎት። ሃምሳ አለቃው እንኳ እንዲህ አድርገው አያለቅሱም።»

ነገሩ ልምምድ ነበር። እናንተ ስትሄዱ መርዶ እንዲያደርሱ የተመደቡት ሰዎች ይለማመዳሉ። ጽሕፈት ቤቱ ጓሮ ባለችው ክፍል ሃምሳ አለቃው ባል ሆኖ ተቀምጦ እየጠበቃቸው ኖሯል። እነዚህ አዲሶች ናቸው፤ የናሙናውን ቅጽ ተቀብለው አድራሻውን አነበቡና አድራሻው ወዳለበት መጡ። የሚቀበላችሁ ሰው አጥብቆ ያለቅሳል፣ እንዳትደናገጡ ተብለውም ነበር። አልተደናገጡም።

ወረቀቱን ከእጁ ነጥቄ ሳየው የእጅ ጽሑፍሽ ነው። ያቺ አንገቷን የደፋች ሰባት ቁጥርሽ ሳትቀር። ሻምበሉ ከሰዓት በኋላ ራሱ መጥቶ፣ ቆቡን እያሻሸ አስረዳኝ። ጸሐፊ ስለሆንሽ ሌሎቹ አይተው እንዲሞሉት አንድ ቅጽ ሙሉ አድርገሽ እንድታዘጋጂ ታዘሽ ኖሮ፣ የፈጠራ ስም ጻፊ ቢልሽ «የማንንም ልጅ ስም እዚህ ላይ አላሰፍርም፣ የፈጠርኩትም ቢሆን የሆነ ሰው ስም ነው፤ የራሴ ይሁን» አልሽው። አየሽ፣ ይህን ስሰማ ቆሽቴም አረረ፣ ኮራሁብሽም። ሟርቱን ለሰው ላለማድረግ ለራስሽ አደረግሽው! ግን የእኔ እመቤት፣ የሞት ቀኑን ለምን ሞላሽው? ባዶ ብትተዪው ምን ነበረበት? ነሐሴ 17 ብለሻል። ስለ ንጽሕና ብለሽ እንደሞላሽው አውቃለሁ፣ ባዶ ሣጥን አትወጂም። እኔ ግን ካላንደሩን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬዋለሁ።

ይህ ሁሉ የእኔ ጣጣ ነው፤ እችለዋለሁ። የጻፍኩልሽ ለልጅሽ ብዬ ነው።

እነሱ ሲሄዱ ጠረጴዛው ሥር አጎንብሼ አየኋት። ጨርቁን አፏ ውስጥ ከታ ትመለከተኛለች። አቀፍኳት፣ ስህተት ነው አልኳት፣ እማ ደህና ናት፣ ሰዎቹ ተሳስተው ነው አልኳት። «እሺ አባ» አለች። እሺታዋ ደስ አላለኝም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ የአባቷንም ድምፅ ሰምታዋለች።

እሁድ ስትደውዪ ነገሩ ባሰ። አንቺ መሄጃሽ ስለደረሰ ሆድሽ ባብቶ «የኔ ማር፣ የኔ ዓይን፣ እማ እኮ ናፍቀሻታል» እያልሽ በዚያ በለሰለሰ ድምፅ አናገርሻት። ስልኩን መልሳ ሰጠችኝና ወጣች። ኋላ ተመልሼ መስመሩ ተቋርጦ ነበር ያልኩሽ ለዚህ ነው። አልተቋረጠም።

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ተከትያት ወጥቼ ምን ሆንሽ ብላት፣ «አባ፣ ይቺ እማ አይደለችም» አለችኝ።

«ማን ናት ታዲያ?»

«እኔ እንጃ። እማ ስትደውል መጀመሪያ ‹ጥርስሽን ቦረሽሽ?› ነው የምትለው። ይቺ አትቆጣም።» ትንሽ አሰበችና ጨመረችበት፦ «የሞተ ሰው አይቆጣም።»

የሰባት ዓመት ልጅ ናት፣ ምን ብለሽ ትከራከሪያታለሽ? ከዚያ ቀን ወዲህ «እማ ጥሩ ነበረች» ትላለች፣ ነበረች እያለች። ገበታ ስታቀርብ ሁለት ሳህን ብቻ ነው። የጥርስ ብሩሽሽን በካልሲ ጠቅልላ ሣጥንሽ ውስጥ አስገብታዋለች። እማ ቅዳሜ ትመጣለች ስላት ደግሞ «ያቺ የስልኳ ሴትዮ ትመጣለች» ብላ ጠረጴዛው ሥር መደበቂያዋን በጨርቅ እየጋረደች ነው። ሦስት ቀን እዚያው ከከረመችና አንቺ ሳታቅፊያት ከሄድሽ፣ ዘጠኝ ወር ሙሉ በዚህ ቤት ውስጥ የሞትሽ ነሽ። ይህን አልችለውም። አንቺም አትችዪውም።

ስለዚህ ጠቢቡ ባልሽ ያወጣውን ትእዛዝ አንብቢ፤ ለአንድ ቀን እኔ ጄኔራል ልሁን።

ቀን ሳለ ድረሺ። አታንኳኪ፤ በዚህ በር ላይ ማንኳኳት የነሱ ሆኗል። በቁልፍሽ ክፈቺ። እጅሽን ዘርግተሽ እንዳትገቢ፣ እንዳታለቅሺ፣ «የኔ ማር» የምትባል ቃል ካፍሽ እንዳትወጣ። መግቢያው ላይ ጫማዋን አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ተጥሎ ታገኚዋለሽ። ያ የኔ ሥራ ነው። እርጥብ ፎጣ አልጋሽ ላይ አሰጣልሻለሁ፣ የትምህርት ቤት ቦርሳዋ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ይሆናል፣ መታጠቢያው ውስጥ የሁለት ቀን ሳህን ይኖራል። የምትጠዪውን ሁሉ አንድም ሳላስቀር አሰናዳለሁ። አንቺ ተቆጪ ብቻ። እንደ ወትሮሽ፣ ከልብሽ፣ «እዚህ ቤት ሰው የለም እንዴ!» ብለሽ ጀምሪ። እሷ ወጥታ «እኔ አይደለሁም፣ አባ ነው!» እስክትል ድረስ እንዳታቆሚ። እሱን ካለች አሳልፋ ሰጠችኝ፣ ዳነች ማለት ነው። ያን ጊዜ እቀፊያት።

መርዶ እናደርሳለን ያሉት ሰዎች ባዶ እጃቸውን ይኑሩ። የሄድሽበት መንገድ ይመልስሽ፣ አንቺን የሚፈልግ ክፉ ሁሉ አድራሻ ይሳተው፣ ነሐሴ 17 እንደ ማንኛውም ቀን ጠብቶ ይምሽልን።

ናፋቂሽ፣
ልብስ ሰፊው

ይህን ልጽፈው አልነበረም፣ ግን ሹፌሩ ዘግይቷል። እሁድ ስልኩ ሊዘጋ ሲል የጓዳው ቁልፍ የት ነው ብዬ ጠይቄሽ ነበር፣ ትዝ ይልሻል? የት እንዳለ አውቅ ነበር፤ አንቺ መሆንሽን ላረጋግጥ ነው። «መሳቢያው ውስጥ» አልሽኝ። ምስማሩ ላይ ነው፣ አንቺ ራስሽ ነሽ የሰቀልሽው። ድካም ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል፣ አውቃለሁ። ብቻ ቅዳሜ ስትቆጪ ለእኔም ይድረሰኝ፤ ድምፅሽን ዝቅ አታድርጊው።