አልጋው መሬት እንዳይነካ

መስከረም 17

ገንዳ ውሃ ከተማ። ለሰሊጥ እርሻዬ ካምፕ የሕክምና ዕቃ ስገዛ ዋልኩ። ካለፈው ዓመት ሣጥን የተረፈው መቀስና ነጠላ ጓንት ነው። ፋሻው ሰሊጥ ታስሮበታል። አልኮሉ ተጠጥቷል... በስኳር አሉኝ። ማን እንደ ጠጣው ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም።

ዘንድሮ ሣጥን ቀረ። አፉ ሰፊ፣ ክዳኑ የሚጠብቅ ነጭ ጀሪካን ገዛሁ። ውሃም አቧራም አያስገባም። ፋሻ፣ ፕላስተር፣ አዮዲን፣ ፓራሲታሞል፣ ለተቅማጥ ኦአርኤስ ጨመርኩበት።

ማታ የእህቴ ጎረቤት ትርሐስ መጣች። ነርስ ናት። ጀሪካኑን ከፍታ አየችና፣

"ለእባቡስ?"

"መርዝ የሚመጠው ጥቁር ድንጋይ አለን።"

"ድንጋዩን ለጉልቻ አድርጊው። መድኃኒቱ ያለው ሆስፒታል ነው። አንች የሚያስፈልግሽ ጣውላ ነው።"

"ለምን?"

"የተነከሰውን እግሩ እንደ ተሰበረ ሰው ቁጠሪው። ማሰር የለም፣ መብጣት የለም፣ መራመድ የለም። ደግፈሽ ጠቅልይና ተሸክማችሁ አምጡት።"

ሁለት ጣውላ አናጢ ቤት አስላግሁ። ተሸክማችሁ ማለቷ ግን... ትራክተር አለኝ እኮ።

መስከረም 20

ካምፕ ገባን። ከሽንፋ ወዲህ መንገዱ ያው ነው፤ ተሳቢው ላይ፣ ዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጬ አጥንቴ ተላቀቀ። ሠራተኞቹም ገብተዋል፤ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከጋይንት።

አዛናው ጀሪካኑን አየ። ዕድሜውን በቆላ የቀን ሥራ የጨረሰ ሳሉግ ነው፤ ሠራተኛውን የሚመራልኝ እሱ ነው።

"ጠላ ነው?"

"መድኃኒት ነው፣ አያ አዛናው።"

"ጠላ ይሻለን ነበር።"

አንዱአምላክ የሚባል ጎጃሜ አለ። ማጭዱም አፉም አያርፍም። "እትዬ፣ ለስንፍና መርፌ ካለው ለቢሻው ይወጋልኝ!" ቢሻው ወሎዬው ቀና አላለም። "መርፌው ካለ አፉን ይሰፋበት።"

መስከረም 23

ጣት፣ ጣት፣ ጣት። ማጭድ የበላው ሁሉ እኔ ዘንድ ነው። አዮዲን ሲነካቸው ይጮኻሉ... እነዚህ ጎረምሶች።

መስከረም 26

ሰሊጡ ደርሷል። የታችኛው ፍሬ አፉን ሊከፍት ነው። ከከፈተ ነፋስ ያራግፈዋል፣ አለቀ። ያልታጨደው ከታጨደው ይበልጣል። በዚህ ላይ ሌሊቱን ዝናብ ጣለ። በዚህ ጊዜ! ጥቁሩ አፈር ሊጥ ሆኗል።

ጎረቤቴ ትዕዛዙ ደግሞ ድንበሬን በማረሻ ገፍቷል። የጎን እርሻው ባለቤት ነው። ሰላምታ ከተውን ቆየን። አሁን ይባስ ብሎ... ይሁን።

መስከረም 28

ትናንት አልጻፍኩም። ሁሉም የሆነው ትናንት ነው።

ጠዋት ጩኸት ሰማሁ። አንዱአምላክ ያደረ ነዶ ሲያነሳ ከሥሩ እባብ ወጥቶ ቁርጭምጭሚቱን ነክሶታል። አጭር፣ ወፍራም፣ አፈር የመሰለ ነው አሉ። ጀሪካኑንና ጣውላውን ይዤ ስደርስ አዛናው በአንድ እጁ የነዶ ማሰሪያ ገመድ፣ በሌላው ምላጭ ይዟል።

"ተዉት፣ አያ አዛናው። አይታሰርም፣ አይበጣም።"

"አየ ውባንች! እኔ በዚህ በረሃ ስንቱን አድኛለሁ!"

"ስንቱን ከነእግሩ?"

አንድ ሰው ትዝ እንዳለው ፊቱ ላይ አየሁ። ገመዱን ጣለው።

ጣውላውን በእግሩ ግራና ቀኝ አድርጌ በፋሻ ጠቀለልኩ። አንዱአምላክን ላብ አጥምቆታል። "እትዬ፣ ለቀብሬ ነው የምታሳምሪኝ?" አለ። ከዚያ አስመለሰው፤ ወሬውም ቆመ። የፈራሁት ወሬው ሲቆም ነው።

ትራክተሩ ከካምፑ ሳይወጣ እስከ ሆዱ ሰመጠ። ስልክ ደወልኩ። አምቡላንስ እስከ ጠጠሩ መንገድ ይመጣል፣ ወደ ውስጥ አይገባም።

ቢሻው ሄዶ አንገረቤን ይዞ መጣ... የራሴን የገመድ አልጋ። ሁለት ወፍራም እንጨት አሰሩበት። ማንም አላዘዘም። እኔ "ሰሊጡስ?" ልል ነበር፣ አፌ ላይ ቀረ። ሰዎቹ የሚሠሩት በቁርጥ ነው፤ የቆመ ማጭድ ለባለቤቱ ምንም አያመጣለትም። ሁሉም ማጭዱን ጣለ።

"መሬት እንዳይነካ!" አለ አዛናው። የደጋው ሕግ ነው። በሽተኛ የያዘ አልጋ መንገድ ላይ ካረፈ ሬሳ ይሆናል ይላሉ። እኔ አላምንም። ግን ትርሐስም ተሸክማችሁ አምጡት ብላለች።

ጭቃው እስከ ጉልበት ይይዛል። ሲደክማቸው አይቆሙም። አዲሱ ሰው ከኋላ ሮጦ ትከሻውን ከእንጨቱ ሥር ያስገባል፣ የደከመው ይወጣል። አልጋው ውሃ ላይ እንዳለ ነገር ይሄዳል።

ከዚያ ያየሁትን እንዴት ልጻፈው? ከግራ፣ ከቀኝ፣ ከየሰሊጡ መሀል ሰው ይነሳ ጀመር። የማናውቃቸው ሰዎች። እያጨዱ ነበር፤ ጥለው ይሮጣሉ። ማን ነው የሚል የለም። የማን ካምፕ ነው የሚል የለም። ትከሻ ብቻ። አንዱ እርሻ ሲያልቅ የሚቀጥለው እርሻ ሰዎች ድንበራቸው ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። የእነሱስ ሰሊጥ አፉን አልከፈተም? የሁሉም ከፍቷል እኮ!

ትዕዛዙም መጣ። ያ ሆዳም፣ ያ ድንበር ገፊ። ቢሻውን ገፍቶ ቦታውን ያዘ። አንድ ጫማው ጭቃ ውስጥ ቀረ፣ አልዞረም። እኔንም አላየኝም... ወይ አይቶ ተወኝ። ምን እለዋለሁ? ጀሪካኔን ታቅፌ ከኋላ እሮጣለሁ።

አልጋው ከትከሻ ላይ ሳይወርድ አምቡላንሱ በር ደረሰ። ዘወር ስል ሰዎቹ ጀርባቸውን ሰጥተው እየተመለሱ ነው፤ እግራቸው ጥቁር፣ ሸሚዛቸው ጥቁር። እግዜር ይስጥልኝ የምለው የትኛውን ነው? ቆሜ ቀረሁ።

መስከረም 30

ሆስፒታል ሄድኩ። መድኃኒቱ ነበር፣ ተሰጥቶታል። እግሩ እስከ ጭኑ አብጦ ግንድ ሆኗል። ሐኪሙ "ታስሮ ቢመጣ እግሩን አናገኘውም ነበር" አለኝ። "ዘግይቶ ቢመጣ ደግሞ..." አልጨረሰውም።

አንዱአምላክ ዓይኑን ገለጠ።

"ቢሻው ተሸከመኝ?"

"ተሸከመህ።"

"ወይኔ! ዕድሜ ልኬን ሊነግረኝ ነው።"

እንደሚድን ያኔ አመንኩ።

ጥቅምት 4

ሰሊጡ ከፊሉ ረግፏል። መሬቱ ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል። ልናደድ ቆሜ ጠበቅሁ። አልመጣልኝም።

አዛናው መጣ። "ያን ፋሻ እንዴት ነበር ያደረግሽው?" በራሱ እግር ላይ አሳየሁት።

"ጠበቀ!"

"አልጠበቀም፣ አያ አዛናው።"

"የእኔን እግር አንች ታውቂዋለሽ?"

ሳቅን። ፋሻውን ሳይፈታ ሲያነክስ ሄደ።

ትዕዛዙን ድንበሩ ላይ አገኘሁት። "ልጁስ?" አለ። "ዳነ።" "ተመስገን።" ስለ ድንበሩ አልተነጋገርንም። ገና እንጣላበታለን።

ጥቅምት 15

ደግሞ ዝናብ። ምሳ ላይ ሳለን ከጠረፉ በኩል አልጋ ተሸክመው መጡ። ሴት ናት፣ እስከ ፊቷ ተሸፍናለች። ምጥ ይሁን ወባ አላውቅም። ሰዎቼ ጉርሻቸውን እንደያዙ ተነስተው ሮጡ። እኔም ሮጥኩ።

ከኋላ በቀኝ ያለው ሰው ሲንገዳገድ አየሁ። ሴት አልጋ አትሸከምም ይባላል። ጀሪካኑን ለአዛናው ሰጠሁትና ገባሁ። ሰውየው ወጣ።

ይከብዳል። ግን የሌሎቹ እርምጃ በእንጨቱ በኩል ይሰማል... ፊት ያለው ሲያዳልጠው ትከሻዬ ቀድሞ ያውቃል። እንዲህ መሆኑን ማን ነገረኝ?

እስከ ትዕዛዙ ድንበር አደረስናት። ሰዎቹ ቆመው ይጠብቁ ነበር።

ስሟን አልጠየቅሁም። ቀኝ ትከሻዬ አብጧል። ዛሬ በግራ ጎኔ እተኛለሁ።