ያሸነፍነው አሳማ

ናርሲሳዬ፣ የማህፀኔ ፍሬ፣ ማድሪድ ላይ የምታዪው ፊት ሁሉ ይሳቅልሽ። ደህና ነሽ ወይ ልጄ? በባዶ ሆድ ሥራ እንዳትሄጂ። የእኔን ጉልበት ዛሬ አትጠይቂኝ፤ እየዘለልኩ ነው!

እሁድ እዚህ ኩዊንስ መናፈሻው ውስጥ እነዚያን ከጎረቤት አውራጃችን ከሎሃ የመጡ ጉረኛ ሴቶች ሦስት ለሦስት በምንጫወተው የአገራችን መረብ ኳስ አሸነፍናቸው! አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ሦስተኛ ሰው አጥተን፣ እኔና ሶይላ ቁጭ ብለን ስናይ ነው የከረምነው። ከላያችን ፎቅ የምትኖረውን የባንግላዴሿን ራሂማን እናስገባ ብላት ሶይላ፣ «ይሄ የአገራችን የኩዌንካ ልጆች ቡድን ነው! እሷ ከገባች እኔ የለሁበትም!» ብላ አኮረፈች። ለምኜ አስማማኋት። ራሂማ ረጅሙን ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ኳሷን ስትመታት ብታዪያት!

ሽልማቱ ሙሉ የአሳማ ጥብስ ነበር። ስንሻማ ራሂማ ዳር ተቀምጣ ሙዝ ትልጣለች። ሙስሊም መሆኗን በደስታ ብዛት ረስተነዋል! ሶይላ አየቻትና ሳህኗን አስቀምጣ፣ ለራሳቸው ዶሮ ወደጠበሱት ሎሃዎች ጮኸች፦

«ኑ፣ አሳማውን ውሰዱ! ዶሮውን ወዲህ በሉ! ልጃችን ይሄን አትበላም!»

«ልጃችን» አለች፣ ሰማሽ? ያቺ ሶይላ!

ስትመጪ ተጋጥመሽ ቦታሽን ትወስጃለሽ፤ እናትሽ ብሆንም አላዳላም። እመቤታችን በሄድሽበት ትከተልሽ። አንዲት ነገር ብቻ ልለምንሽ፦ ጠረንሽ እንዳይጠፋ ብዬ ሳላጥበው ያስቀመጥኩትን ማሊያሽን ራሂማ ትልበሰው? እሺ በይኝ ልጄ። አጥቤ አስጥቼዋለሁ።

እናትሽ ሮሳሪዮ