ፉአድ ቤት የሸሸሁበት ቀን

ነቀምቴ፣ ጥር 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

ወንድምዓለም ወንድምአገኝ፣

እንደምን ከርመሃል? እማ ደህና ናት፤ ጉልበቷን ብቻ ያማታል። እኔም ትምህርቴን አልተውኩም። ስልክ ስለማታነሳ ይህን በሾፌሩ በጉሉማ እጅ ልኬልሃለሁ። ያለህበት ሲሬ ሩቅ አይደለም፤ ከወንድማችን ከሽብሩ ቀብር ወዲህ ግን አንድ ቀን እንኳ ብቅ አላልክም።

ፉአድ ጌም ቤቱ አዲስ ጨዋታ አስገብቷል። በሰይፍ የሚዋጉበት፣ ልጆቹ ሁሉ እየተራገሙ የሚተዉት ነው። ልሞክረው ወይስ ይቅርብኝ እያልኩ ሁለት ሳምንት ዳር ቆሜ አየሁ።

"አንተ አሜን፣ ግድግዳዬ እንዳይወድቅ ነው የደገፍከው?" ይለኛል ፉአድ።

የፈራሁት መሸነፉን አልነበረም። "እኔ ብሆን ወንድሜን ጥዬ አልሮጥም" እያልኩ ስምል ነበር የከረምኩት። መሐላዬ እዚያ እንዳይፈርስ ነው የፈራሁት።

ቅዳሜ ጆይስቲኩን ያዝኩ። መጥረቢያ የያዘ ግዙፍ ሰው መጣ። ፊት ለፊት ቆምኩለት፤ ትከሻዬን ሰነጠቀው። ደግሜ ቆምኩ፤ ጭንቅላቴ ተንከባለለ። አሥራ አራት ጊዜ ገደለኝ።

"ሽሽ እንጂ፣ አንተ ደረቅ!" አለኝ ፉአድ።

"አልሸሽም።"

"እንግዲያው ሙት! ተራ የሚጠብቅ ሰው አለ።"

ልጆቹ ሳቁ።

በአሥራ አምስተኛው አንድ ወታደር ከጎኔ ሆኖ ይዋጋ ነበር። ግዙፉ ሰው አንገቱን በመጥረቢያ መታው፤ ደሙ ስክሪኑን ሞላው። ልደርስለት ይገባኝ ነበር። ጣቴ ግን ሳላዘው ሮጠ። እሱ እየጮኸ ሲቆራረጥ እኔ ጫካ ገብቼ ነበር።

ጆይስቲኩን አስቀምጬ ወጣሁ። 

ወንድምዓለም፣ የጨዋታ ሰው መሆኑን እያወቅሁ ነው የሮጥኩት። አንተና ሽብሩ ግን ጊዳ አያና ጥለነው የመጣነውን በቆሎ ልትሰበስቡ ሄዳችሁ፣ የመጣባችሁ እውነተኛ ጥይትና ገጀራ ነው። የሽብሩ ሬሳ ሲመጣ ጋቢውን ገልጬ አይቻለሁ። አንድ እጁ አልነበረም። ያን ቀን አበድኩ። ለቅሶ ድንኳኑ ውስጥ "ጥሎት ሮጠ" የሚለውን ወሬ ማን እንደጀመረው አታውቅም፤ አጎታችን ነው ብለህ ተቀይመኸዋል። እሱ አይደለም። እኔ ነኝ። አንተ ከመቃብር ቆፋሪዎቹ ጋር ሳለህ ለቀስተኛው ሁሉ ፊት የተናገርኩት እኔ ነኝ።

ትናንት ለእማ ነገርኳት። 

"ሁለቱም ቢቆሙ ኖሮ ሁለት ሣጥን ነበር የምቀብረው" አለችና ብርድ ልብስህን አውጥታ ፀሐይ ላይ አሰጣችው።

ማረኝ ለማለት አፌ አልደፈረም። ና፣ በጥፊ ምታኝ፤ ከፈለግህም በቀበቶ። ብቻ ና።

አምላክ መንገዱን ጥይት የማይሰማበት ያድርግልህ፤ የቀረነውን ሁለታችንን ለእማ ያቆይላት።

ታናሽህ
አሜን