ጀልዴሳ ላይ የተሰቀለው ቅጠል

ድሬዳዋ፣ ከዚራ
ሰኔ 27 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለምሳሳልሽ እናቴ፣

ወደ ናዝሬት የሚሄደው ባቡር ባፏጨ ቁጥር ልቤ ተሳፍሮ አንቺ ጋ ይደርሳል። ጉልበትሽ እንዴት ሆነልሽ? አክስቴስ ጎረቤቱን ሁሉ ማኩረፏን ተወች? እኔ በአምላክ ቸርነት ደህና ነኝ፤ ሙቀቱ ብቻ ነው እንደ ነዝናዛ ባል ከጧት እስከ ማታ አልላቀቅሽም ያለኝ። ይህን ደብዳቤ ለፖስታ ቤት አላመንኩትም፤ ባቡር ላይ የሚሠራው ጎረቤታችን በሺር በእጁ ይሰጥሻል። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

ከቤታችን ማዶ ስለተከራዩት ሁለት ፈረንጆች ነግሬሻለሁ፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ጀልዴሳ ላይ የውሃ ጉድጓድ ስለሚቆፍሩት። አገራቸው ካናዳ ይባላል፤ ግማሹን ዓመት በረዶ ነው አሉ። ሽማግሌው ሚስተር ማክሊን የሚናገረው እንግሊዝኛ ነው፤ ሙሴ ሬኔ ደግሞ ፈረንሳይኛ። አባባ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከባቡር ጣቢያ ይዞልን ይመጣ የነበረው ፈረንሳይኛ ለካ ለዚህ ቀን ኖሯል። ከሙሴ ሬኔ ጋር ያለ አስተርጓሚ እንጨዋወታለን። በደጅ ነው፣ ሰው እያየ፤ ግንባርሽን አትቋጥሪ።

ድሬ ግን ካናዳ የሚባል አገር አታውቅም። ነጭ ከሆነ አሜሪካ ነው፣ አለቀ። ልጆቹ አሜሪካ፣ አሜሪካ እያሉ ይከተሏቸዋል። በዚህ ዘመን አሜሪካ መባል ምን እንደሆነ ደግሞ ታውቂያለሽ፤ በየስብሰባው እጃችንን አንስተን የምንረግመው እሱኑ አይደል? ሚስተር ማክሊን በጠሩት ቁጥር ይቆምና ኮፍያውን አውልቆ፣ አይደለሁም፣ ካናዳ ነኝ ይላል። ለባለሱቁም፣ ለዘበኛውም፣ ለጋሪ ነጂውም እንዲሁ። ሙሴ ሬኔ ይስቅበታል። እኔ ፈረንሳይኛ የሚነገርባት የኬቤክ ክፍለ ሀገር ሰው ነኝ፣ ያ ባንዲራ የሱ ነው እንጂ የኔ አይደለም ይለኛል። ሁለቱ ራት ላይ ሲቀመጡ በአገራቸው ነገር እንደ ጣውንት ይነታረካሉ።

ውሃው በግንቦት ወጣ። ጣፋጭ ውሃ ነው፣ ቀምሼዋለሁ። ሽማግሌው ምረቃው ሰኔ 24 ይሁንልኝ ብሎ ለመነ፤ የአገራቸው በዓል ነው። ምረቃውን የሚመራው ጓድ ግን የውሃ ማጠራቀሚያው ላይ "በወዳጅ አገሮች እርዳታ" ተብሎ ብቻ ይጻፋል አለ። ሽማግሌው ደጅ ጠንቶ ጠንቶ አንድ ነገር አስፈቀደ፤ በዕለቱ ባንዲራቸው ከኛው ጎን ከተሰቀለ ስማቸው ይጻፋል፣ ካልተሰቀለ ይቀራል። ከአዲስ አበባ የተላከላቸው ባንዲራ ደግሞ መንገድ ላይ ጠፋ። ቀኑ ሲቃረብ ሚስተር ማክሊን ፊቱ አመድ መስሎ ሙሴ ሬኔን አስከትሎ ስፌት ቤቴ ገባ።

ምን ዓይነት ነው ብዬ ጠየቅኩ። ኮፍያው ላይ የነበረው ምልክት በጀልዴሳ ፀሐይ ነጥቶ የተረፈው አንድ ቀይ ጠባሳ ነው። ሙሴ ሬኔ እየተሰላቸ አስተረጎመልኝ፤ ዳርና ዳሩ ቀይ፣ መሀሉ ነጭ፣ ነጩ ላይ ቀይ ቅጠል። የምን ቅጠል? የዛፍ። ሰዉ ይወደዋል? በጣም። ያስደስታል? አዎ አለ፣ ቶሎ ለመውጣት። እማዬ፣ እስቲ ፍረጂኝ፤ ጫፉ የሚቀላ፣ አገር ሙሉ ሰው የሚወደው ቅጠል ለድሬ ልጅ ከአንድ ሌላ ምን አለ? ከገበያ አንድ እስር ጫት ገዝቼ፣ ምርጡን ቀንበጥ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ፣ የጠርዙን ጥርስ እንኳ ሳልዘለው ሰፋሁት። ስፌቴን ታውቂዋለሽ። አጣጥፌ ያስረከብኳቸው በምረቃው ዕለት ጧት ነው።

ጀልዴሳ ላይ ባንዲራው ተሰቅሎ ነፋሱ ሲዘረጋው ሚስተር ማክሊን አፉን ከፍቶ ቀረ። እኔ ደስ ብሎት መስሎኝ! ወዲያው ዋበሪ የሚባሉ ሽማግሌ ከዘራቸውን አንስተው፣ ወላሂ ጫት ነው፣ የኛው ጫት ነው ብለው ጮኹ። ሳቅ፣ ጭብጨባ፣ እልልታ! ያኔ ነው የሠራሁትን ያወቅኩት፤ የነሱ ቅጠል ለካ የሌላ ዛፍ ኖሯል። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ብዬ ነጠላዬን ተከናነብኩ።

ጓዱ ተቆጣ። የድምፅ ማጉያውን አንስቶ፣ አሜሪካኖቹ ሊቀልዱብን ነው የመጡት ብሎ ጀመረ። ሚስተር ማክሊን ኮፍያውን አወለቀ፤ ካናዳ ነኝ ቢልም ማጉያው ድምፁን ዋጠው። ከኋላ ሙሴ ሬኔ፣ ያ ባንዲራ የኔ አይደለም ሲል የኖረው ሙሴ ሬኔ፣ ሰዉን እየገፋ ወጥቶ ማጉያውን ከጓዱ እጅ ወሰደ። እኔ ባስተማርኩት ስብርባሪ አማርኛ፣ አሜሪካ አይደለም፣ ይህ ባንዲራ የኔ ነው፣ እኔ ካናዳ ነኝ አለ። ፊቱ ከባንዲራው ይበልጥ ቀልቶ ነበር። ዋበሪም፣ አቦ፣ አሜሪካ ባንዲራው ላይ ቅጠል የለውም፣ እነዚህ ሌላ ናቸው አሉ። ከዚያማ ጀልዴሳ በሞላ ካናዳ፣ ካናዳ እያለ ተንጫጫ። ጓዱ ምን ያድርግ? ባንዲራው ተሰቅሏል፣ ቃሉም ቃል ነው። አሁን ማጠራቀሚያው ላይ ካናዳ የሚል በትልቁ ተጽፏል፤ ቀለም ቀቢውም ከጎኑ የጫት ቀንበጥ ጨምሮበታል። በከዚራም አሜሪካ ብሎ የሚጠራቸው ልጅ ቀርቷል።

ይቅርታ ልጠይቅና ስፌቱን ልፈታው ብሄድ ሚስተር ማክሊን ክሩን እንዳትነኪ ብሎ ግንባሬን ሳመኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ሙሴ ሬኔን ለምን ጮህክ ብዬ ብጠይቀው፣ ቤታችን ውስጥ ከሽማግሌው ጋር እጣላለሁ፣ ሰው አገር ግን ስማችንን ማንም አይወስድብንም አለኝ። እማዬ፣ ያን ቀን እንዴት እንደኮራሁበት ልነግርሽ አልችልም።

ፈረንጅ እንግዳ ነው፣ እንግዳ ደግሞ ሂያጅ ነው ብለሽኝ ነበር። እውነትሽን ነው፤ ጥቅምት ላይ ሥራቸው ያልቃል፣ ይሄዳሉ። ባንዲራዬን የሚወስደው ሙሴ ሬኔ ነው። ደጃፌ ላይ እሰቅለዋለሁ፣ ጎረቤቶቼ ይህ የምን ቅጠል ነው ሲሉኝ፣ ግቡና የሰፋችውን ጠይቋት እላቸዋለሁ ይላል።

በሺር ሲመለስ የአባባን ወፍራም ጋቢ ላኪልኝ። በድሬ ሙቀት ጋቢ ምን ያደርግልሻል ብለሽ እንዳትጠይቂኝ፣ አለቅሳለሁ።

ጉልበትሽን ያጽናልኝ፣ ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፤ ምርቃትሽም ባሕር ይሻገር።

ልጅሽ