በውሰት የሄደው ታኬታሽ

ይድረስ ለምወድሽና ለምሳሳልሽ እህቴ ለየትምወርቅ፣ ካለሽበት ቤሩት።

እታለም፣ እንዴት ነሽ? ጤናሽስ? ደረጃ ስትጠርጊ የያዘሽ ወገብሽ ለቀቀሽ፣ ወይስ ለእማዬ እንደምትነግሪያት "ደህና ነኝ" እያልሽ ትሸውጂናለሽ? እንቅልፍ ትጠግቢያለሽ? ከፎቁ በረንዳ ይታየኛል ያልሽው ባሕር አሁንም ይታይሻል፣ ወይስ ፊት ለፊትሽ ሌላ ፎቅ ሠሩበት? እኛ ደህና ነን። ደህና ነን ስል አንቺ የሌለሽበትን ደህና ማለቴ ነው፤ የሌላውን ዓይነት ጣዕም ከረሳነው ቆየን።

በዚህ ዘመን ደብዳቤ ጻፈ ብለሽ እንዳትስቂብኝ። ስልክ ስንነጋገር እማዬ ጆሮዋን ከጆሮዬ ጋር አጣብቃ ነው የምትቆመው። አንቺም እመቤትሽ ሲጠሩሽ በመሃል ትዘጊዋለሽ። ልነግርሽ የፈለግኩት ደግሞ በመሃል የሚቆረጥ አይደለም። የዲምቱዋ ሶፍያ እረፍቷን ጨርሳ ወደዚያው ስለምትመለስ በእጇ ልኬልሻለሁ። አብሮት እማዬ ያዘጋጀችው ዳታ በርበሬ አለ። ክዳኑን በላስቲክ ደራርበን ጠቅልለነዋል፤ ከፈሰሰና የሶፍያን ልብስ በበርበሬ ከነከረው ግን አንቺው ተጣዪ።

ነገሩ ስለ ኳስ ቡድንሽ ነው። ፊሽካሽን አንገቴ ላይ አጥልቀሽ "እስክመለስ ያዝልኝ" ብለሽ ከሄድሽ ወዲህ፣ ቀን ቀን በየሰው ግቢ እየገባሁ የውሃ ቆጣሪ ሳነብ እውላለሁ፣ ከሥራ መልስ አሠልጣኝ እሆናለሁ። ልጆቹ ዛሬም "አሠልጣኝ" የሚሉት አንቺን ነው። እኔን "ጋሽ አድነው" ነው የሚሉኝ። መጀመሪያ ቅር ይለኝ ነበር፤ አሁን ግን ደስ ይለኛል፤ ቦታሽን አልወሰድኩብሽም ማለት ነው።

ባለፈው ዓመት በዞኑ ውድድር እንዳልቀናን ሰምተሻል። ከታች ያለነው እኛ ነን፤ ከእኛ በታች ሣሩ ብቻ ነው። ነሐሴ ላይ የኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሽ ይስሐቅ ጠርተውኝ፣ ከቦዲቲም ከአረካም መጥተው የሞከሩ ጎበዝ ጎበዝ ልጆች እያሉ የማይሻሻሉትን ማቆየት ግፍ ነው አሉኝ። የሚቀጥሉትንና የሚሰናበቱትን እንድለይ፣ ከጊፋታ፣ ከዘመን መለወጫችን በፊትም እንድጨርስ አዘዙኝ። ክፋት የለባቸውም፤ ያሉትም ሐሰት አይደለም። የውሃ ቆጣሪ ማንበብ ግን ምን ያህል ቀላል ሥራ እንደሆነ የገባኝ ያን ቀን ነው።

የሚበዙት ልጆች ጉዳይ ከባድ አልነበረም። የከበደኝ የሊድያ ነው። ሊድያን ታስታውሻታለሽ? የአቶ ባዳቾ ልጅ፣ አንቺ ስትሄጂ ትንሹ ማልያ እንኳ ቀሚስ የሚሆንባት ቀጫጫዋ። አሁን ቁመቷ ያንቺን ሊያህል ምንም አልቀረው። አጥቂ ናት፤ አጥቂ ስል ቦታዋን እንጂ ሥራዋን ማለቴ አይደለም። ዓመቱን ሙሉ አንድ ጎል አላገባችም። ኳስ ለመድረስ እንደ እሷ የሚሮጥ የለም፤ ከተከላካይ ጋር ስትጋፋ ብታያት አንጀትሽን ትበላዋለች። ጎሉ ፊት ስትደርስ ግን ዓይኗን ትጨፍናለች። እያጋነንኩ እንዳይመስልሽ፤ ተበላ ከተማ ላይ በዚያ ሙቀት ከጎሉ ጀርባ ቆሜ በዓይኔ አይቻለሁ። ኳሱም ዓይኑን የጨፈነ ይመስል ወደ ገበያተኛው ሄደ።

በሌላ በኩል ደግሞ ልምምድ ላይ ከእሷ ቀድሞ የሚደርስ የለም። ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ከእናቷ ጋር አቮካዶ ተሸክማ ትወርዳለች፤ ገበያው ሲቀዘቅዝ ቅርጫቷን ይዛ ወደ ሜዳ ትመጣለች። እኔ ስደርስ የላሙን እበት ጠርጋ፣ ድንጋዩን ለቅማ ትጠብቀኛለች። ረዳቴ ሶርሳ፣ እንዲህ ያለችን ልጅ ማሰናበት ያስቀጣል ብሎ ተከራከረኝ። እኔ ደግሞ ሜዳ መጥረግ ጎል አይሆንም አልኩት። ከልቤ ነበር ያልኩት። ለማትችለው ነገር አንድ ዓመት መጨመር ልቧን አንድ ዓመት ዘግይቶ መስበር ነው ብዬ አሰብኩ። እሷን ባቆይ ደግሞ የቦዲቲዋ ናዲያ፣ በሁለቱም እግሯ የምትመታው ልጅ፣ ጫማ አጥታ ልትመለስ ነው። ስለዚህ ወሰንኩ፤ የሊድያን ታኬታ ለናዲያ ሰጠኋት።

ከዚያ "ያንተ ተራ ነው" የሚለኝ ያንቺው ሕግ መጣ። መቼም አልረሳሽውም። ውድድር ሲያልቅ ሁሉም የቡድኑን ታኬታ አጥበው በረንዳችን ላይ ይደረድራሉ። ጊፋታ ሲቃረብ አሠልጣኙ ቤት ለቤት ይዞራል። የምትቀጥለዋ ቤት ጫማዋን ይዞ ይሄዳል። የምትሰናበተዋ ቤት ያለ ጫማ ይሄዳል፤ ተቀምጦ የቀረበለትን ቀምሶ፣ ወላጆቿን አመስግኖ ይወጣል። ክፉ ቃል ከማንም አፍ አይወጣም፤ ሁሉም ይገባዋል። ልጅ እንደ ሠራተኛ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አትሰናበትም ብለሽ ያወጣሽው ሕግ ነው። ጥሩ ሕግ ነው፤ የሚያስፈጽመው ሰው ሲሆኑ ግን አንጀት ይቆርጣል።

ልወጣ ስል እማዬ በር ላይ ያዘችኝ። በጊፋታ ሰሞን ሰው ቤት ባዶ እጅ መሄድ ነውር ነው ብላ፣ የጋገረችውን ዳቦ በጥቁር ፌስታል ጠቅልላ አስያዘችኝ። እኔም ልቤ ሌላ ቦታ ስለነበር ተቀብያት ሄድኩ። ጫማውንም በየቤቱ የምናደርሰው በዚያው በጥቁር ፌስታል መሆኑ ውል አላለኝም።

እነሊድያ አጥር ጋ ስደርስ ትንንሾቹ ፌስታሉን አዩ። "ጫማው መጣ" እያሉ ወደ ውስጥ ሮጡ። እናቷ ከጓዳ ወጥታ እልልታውን አቀለጠችው። ጎረቤትም ተቀበላት። አቶ ባዳቾ በቁማቸው እጃቸውን ዘርግተው "ጦሳይ አንጆ" እያሉ መረቁኝ፤ እኔን ብቻ አይደለም፣ እግዚአብሔር ያቺን በባዕድ አገር ያለችውንም ይባርክ ብለው አንቺንም ጨመሩሽ። ሊድያ ከእንሰቱ መሃል ጭቃ በጭቃ ሆና ብቅ አለች። ፌስታሉን አየችው፣ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች፣ ከዚያ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

እታለም፣ ያኔ "ዳቦ ነው" ማለት ነበረብኝ። ሁለት ቃል ናት። አልወጣችልኝም። አቶ ባዳቾ ፌስታሉን በአክብሮት ተቀብለው ግድግዳው ላይ ሚስማር ላይ ሰቀሉት፤ እንግዳ ያመጣው ነገር እንግዳው ፊት አይከፈትምና። በቅቤ የራሰ የጊፋታ ምግብ፣ ባጭራ፣ ቀረበልኝ፤ እየጎረስኩ ዓይኔ ከሚስማሩ አልነቀል አለ። ለሚሰናበቱት ወላጆች ያዘጋጀሁትን ምስጋና እንኳ በወጉ ሳልናገር እንደ ሌባ ወጣሁ።

ቁልቁለቱን ስወርድ አንቺን እያሰብኩ ነበር። ከትልቁ ቡድን የመጡት መራጮች "በሚቀጥለው ዓመት ብትመጪ" ያሉሽን ቀን አስታወስኩ። እነሱ በትክክል ፈርደው ይሆናል፤ ያን ዓመት ጉልበትሽ አልዳነም ነበር። አንቺ ግን የሚቀጥለውን ዓመት አልጠበቅሽም፤ ፓስፖርት አወጣሽ። ያን ጊዜ ወስደው አንድ ዓመት ቢታገሡሽ ኖሮ ቤሩትን በካርታ ብቻ ነበር የምናውቃት። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ናፈቅሽኝ፤ ሜዳው ላይ፣ ማዕድ ላይ፣ ከሻወር ቶሎ አትወጪም ብዬ የምጣላው ሰው ሳጣ፣ ሁሉም ቦታ ትናፍቂኛለሽ።

እቤት ገብቼ የሆነውን ለእማዬ ነገርኳት። ዳቦው ጫማ ተብሎ እልል እንደተባለለት፣ የሊድያ ጫማም ናዲያ እግር ላይ እንደሆነ፣ ፌስታሉ ሲከፈት የሚሆነውን እንዳላወቅሁ ነገርኳት። ትስቃለች ብዬ ነበር። እሷ ግን እንዲህ አለች፦

"ለማትመጣዋ ስንት ዓመት ጠብቄያለሁ። አንተ በየቀኑ ለምትመጣው አንድ ዓመት መጠበቅ አቃተህ?"

ተነስታ ጓዳ ገባች። ስትመለስ ታኬታሽን ይዛ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጨርቅ ይዛ የምትጠርገውን፣ ቆዳው እንዳይደርቅ ቫዝሊን የምትቀባውን፣ አባዬ አንዴ ከመደርደሪያው አንስቶ መሬት ቢያስቀምጠው ቀኑን ሙሉ ያኮረፈችበትን ያንን ታኬታ። ክሩን አጠበቀች፣ በጥቁር ፌስታል ጠቀለለችው፣ ሰጠችኝ። ለአንቺ ሳንነግርሽ መስጠት እንደሌለብን ልነግራት ነበር፤ ፊቷን ሳይ ተውኩት።

ሳይመሽ እየሮጥኩ ተመለስኩ። አልደረስኩበትም። ዳቦው ተቆርሶ ሰፌድ ላይ ነበር፤ ትንንሾቹም እንኳ አልነኩትም። አንድም ሰው አልተቆጣኝም፤ እንዲያውም አቶ ባዳቾ መቀመጫ ለቀቁልኝ፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ፌስታሉን ለሊድያ ሰጠኋት። በዚህኛው እልል ያለ የለም። ቀስ ብላ ፈታችው፣ አንዱን ጫማ አውጥታ አገላበጠችው፣ ተረከዙ ላይ በሚስማር የጫርሽውን የስምሽን መጀመሪያ አየች።

"የአሠልጣኝ ነው" አለች። እግሯ ላይ ለማጥለቅ እንኳ ፈራች። በውሰት ነው፣ ባለቤቱ ስትመጣ አጥበሽ ትመልሻለሽ አልኳት። ያን ጊዜ እናቷ ማልቀስ ጀመረች፤ እኔም ጭሱ ነው ብዬ ወጣሁ፤ እሳት አልነደደም ነበር።

ጋሽ ይስሐቅ ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ለአንድ ዓመት ብቻ ነው አሉኝ። እሺ ብያለሁ። በትክክል ፈርጄ ይሁን ወይስ ፌስታል ፈርዶልኝ እስካሁን አላውቅም። አሠልጣኟ አንቺ ነሽና ፍርዱን ላኪልኝ፤ ተሳስተሃል ካልሽኝም ልስማው።

ከጊፋታ በኋላ ባደረግነው የመጀመሪያ ልምምድ እማዬ ሜዳ መጣች። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ረግጣው አታውቅም ነበር። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አጣፍታ፣ ድሮ አንቺን ስታይ የምትቀመጥበት ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ናዲያ አንድ አገባች፣ ደገመች፤ እማዬ ቀና ብላም አላየቻት፤ ዓይኗ የሊድያን እግር እግር ነበር የሚከተለው። መጨረሻ ላይ ኳሱ ለሊድያ ደረሳት። ዓይኗን አልጨፈነችም። አፍጥጣ መታችው፤ ከቋሚው በዳር ወጣ። እማዬ ግን ከድንጋዩ ተነስታ አጨበጨበች። ለብቻዋ፣ ሌሎቹ ዞረው እስኪያዩዋት ድረስ አጨበጨበች።

እንግዲህ ወሬዬ ይኸው ነው። አባዬ በጣም ሰላም ብሎሻል። ሬዲዮ ላይ ሊባኖስ የሚል ስም ሲሰማ አሁንም ድምፁን ከፍ ያደርገዋል፤ ደህና መሆንሽን ከዜና አንባቢው ሊሰማ የሚፈልግ ይመስላል። ትንሿ እህታችን በእምነት ትስምሻለች፤ ዘጠነኛ ክፍል ገብታለች፤ አልጋሽ ላይ የምትተኛው እሷ ናት፣ ትራስሽን ግን አልነካሁም በልልኝ ብላለች። ሶርሳ ሰላም ይልሻል፤ መቼ እንደምትመጪ ሲጠይቀኝ ለቡድኑ አስመስሎ ነው፤ የቀረውን አንቺ ታውቂዋለሽ። እነአቶ ባዳቾ በሙሉ ሰላም ብለውሻል። ሊድያ ደግሞ፣ ታኬታሽን ከልምምድ በኋላ በየቀኑ አጥባ በር ላይ እንደምታሰጣው ንገርልኝ ብላለች።

እማዬ እጅሽን ይዛ ትስምሻለች። እኔ ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጣ ባዶውን መደርደሪያ ስታይ ቆይታ፣ አንድ ነገር ጠይቅልኝ አለችኝ፤ የእግርሽ ቁጥር ያው ነው ወይስ ተለውጧል? ሌላ ገዝታ ልታስቀምጥ ነው።

ናፋቂ ወንድምሽ
አድነው

ወላይታ ሶዶ
መስከረም 28 ቀን 2018 ዓ.ም.