እጅ ይዘው ልብ ያደመጡት ሲስተር ሙሉነሽ ላምቤቦ

ሲስተር ሙሉነሽ ከአባታቸው ከአቶ ላምቤቦ ሀንዳሞ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ፋንታዬ ኤርሴዶ በ1949 ዓ.ም. በሆሳዕና ከተማ ተወለዱ። ትምህርታቸውን እዚያው ተከታትለው አዲስ አበባ መጡና በ1970 ዓ.ም. በነርስነት ተመረቁ። በ1974 ዓ.ም. ከአቶ እዝራ ጡሚሶ ጋር ጋብቻ መሥርተው ነህምያንና ሉሊትን ወልደዋል።

ሠላሳ ስድስት ዓመት በድንገተኛ ክፍል፣ ከጡረታ በኋላም አትላስ አካባቢ ባለ ክሊኒክ አገልግለዋል። ሰላምታቸው ረጅም ነበር። እጅ ይዘው የልብ ምት እንደሚቆጥሩ የምናውቀው እኛ ቤተሰቦቻቸው ነን። ሉሊትን ሊያገባ የመጣው አሌክስ እንኳ ገና ሳይቀመጥ ተቆጥሮ፣ መቶ አሥራ ሁለት ሆኖ፣ «ፍርሃት ነው፤ ውሃ ስጡት» ተብሏል።

በ2008 ዓ.ም. ቦሌ ለሚ ልብስ ፋብሪካ የምትሠራው የቤተ ክርስቲያናችን ዘማሪ ሀይሚ፣ በዝማሬ መካከል ልቧ በኃይል እየመታ ትወድቅ ጀመር። ሁለት ጊዜ ሐኪም ቤት ብትወሰድም፣ እስክትደርስ ልቧ ስለሚረጋጋ ምንም አልተገኘባትም። ስለዚህ ክፉ መንፈስ ነው አልን። በሦስተኛው እሑድ ከብበናት ስንጸልይ ሲስተር ሙሉነሽ ሰው ገፍተው ገቡ። «ጸሎቱ ይቀጥል፤ እጇን ግን ለእኔ ተዉልኝ» አሉ። በደቂቃ ከሁለት መቶ በላይ ይመታ ነበር። አቶ እዝራ መኪና አስነሥተው ክሊኒኩ አደረሷቸው፤ ልቧ ከመረጋጋቱ በፊት ምቱ የልብ ምትን በሚስለው የኢሲጂ መሣሪያ ወረቀት ላይ ተመዘገበ። ሐኪሞች ያን ወረቀት አይተው በመርፌ መድኃኒት ምቱን ወደ ልኩ መለሱት። በኋላም በደም ሥር ቀጭን ሽቦ አስገብተው፣ ልቧን የሚያስሮጠውን ትርፍ የኤሌክትሪክ መስመር በሙቀት ተኩሰው ዘጉላት።

ከዚያ ወዲህ የጸሎት ቡድናችን «ልቤን» የሚል ሰው ሲመጣ፣ እየጸለየም ቢሆን የልብ ምቱን ይቆጥራል። ቆጠራውን ያስተማሩን እርሳቸው ናቸው፤ የተሳሳተ ሰው እንደገና ያስቆጥሩት ነበር። አሥራ አንድ ሰዎች በዚህ መንገድ በጊዜ ታክመዋል። እጅግ እንኮራባቸዋለን።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የራሳቸው ልብ እየደከመ ሄደ። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና የልጅ ልጆቻቸውን ማራናታንና ሐሴትን ትተዋል።

በመጨረሻው ሰዓት እጃቸውን የያዘችው ሀይሚ ነበረች። የእርሳቸውን የእጅ ሰዓት እያየች፣ እንዳስተማሯት፣ እስከ መጨረሻዋ ምት ቆጥራላቸዋለች። ያን ልብ የሠራ ጌታ ነፍሳቸውን በደስታ ይቀበል፤ እኛንም ያጽናን።