የግንቡ ጠባቂ ቃድሪ ኡስታ እና የወደቀው በር

በዚህ ወረቀት የሰፈረው ሁሉ እውነት ነው። አንዲት ሐሰት ብትገኝበት የጻፈው የቃድሪ ኡስታ የወንድም ልጅ የጀላል ምላስ ይታሰር። እንዲያውም ወረቀቱ አልበቃ ብሎ ግማሹ ቀርቷል።

በሙያቸው ኡስታ፣ ማለትም ሊቀ ግንበኛ፣ የተባሉት ቃድሪ ከአባታቸው ከግንበኛው ኢድሪስና ከእናታቸው ከፋዲሜ እ.ኤ.አ. በ1948 ዓ.ም. ከግንቡ ኮረብታ ሥር በካራያማች መንደር ተወለዱ። አዋላጇ ጭብጣቸውን አይታ፣ "ይኼስ መዶሻውን ይዞ ነው የመጣው!" ማለቷን መንደሩ በሙሉ ይመሰክራል። የዛሬ ሦስት መቶ ዓመት ግድም የኦቶማኑ ገዥ ደርዊሽ ቤይ ያንን ግንብ ሲያሠሩ የአሥር ሺህ ግንበኞች አለቃ የነበሩት የቃድሪ ኡስታ የሩቅ ቅድመ አያት ናቸው።

ግንቡ በደህና ዘመኑ ሁለት ግቢ፣ የእንግዳ አዳራሽና መታጠቢያ ቤት ነበረው። ግድግዳው በጥቁርና በነጭ ድንጋይ በየረድፉ የተነባበረ ሲሆን፣ በውስጡ የምድጃውን ሙቀት ወደ መኝታ ክፍሎቹ የሚያደርስ ቦይ ተሠርቶለታል። ከሁሉ የሚበልጠው የበሩ ቅስት ነበር። አሥራ አምስት ድንጋዮች ያለ ኖራ ተደጋግፈው ይቆማሉ፤ አናት ላይ ያለው፣ የሮማን ፍሬ የተቀረጸበት ድንጋይ ሁሉንም ይቆልፋል። እንዲህ ያለ በር በዓለም ላይ አልታየም፤ አይታይምም።

ቃድሪ ኡስታ እስከ አራተኛ ክፍል ተምረው፣ መምህሩ የሚያስተምራቸው ስላለቀበት የአባታቸውን ሙያ ያዙ። በ1971 ወይዘሮ ገውሐር ሐኑምን አገቡ። በመንደራችን ሙሽራ ቤት ሲሠራ ከግንቡ ፍርስራሽ አንድ ድንጋይ አውርዶ ከምድጃው በላይ ያኖራል፤ በረከት ነው ይባላል። እሳቸውም እንደ ሰው ሁሉ አንድ ተራ ድንጋይ አወረዱ።

በዚያው ዓመት በበረዶ ወራት ሰባት መብረቅ ተከታትሎ የበሩን ቅስት መታው። ቃድሪ ኡስታ ሮጠው ወጥተው ቅስቱን ሦስት ቀን በትከሻቸው ደግፈው ያዙ፤ በአራተኛው ቀን ግን ወደቀ። ባለ ሮማኑ ድንጋይ ዱቄት ሆነ።

ከ1973 ጀምሮ የግንቡ ጠባቂ ሆነው አርባ አንድ ዓመት አገለገሉ። ጡረታ ከወጡ በኋላም አልቀሩም። ኖራ በጀርባቸው ተሸክመው የወጡት ዳገትና የወረዱት ቁልቁለት ቢደመር ጨረቃ ደርሶ ይመለሳል። ጉልበታቸው ሲያልቅ በሁለት ምርኩዝ ወጡ። "ኡስታ፣ ኧረ አረፍ ይበሉ!" ሲባሉ፣ "ስጨርስ አርፋለሁ" ይሉ ነበር። ምኑን እንደሚጨርሱ ስንጠይቃቸው ምርኩዛቸውን አንሥተው ወደ ኮረብታው ይወጡ ነበር። በሩ ሥር ተቀምጠው ባዶውን አናት ሲያዩ ይውሉ ነበር።

አንድ ጊዜ ቅስቱን መልሶ ለማቆም የመጣ መሐንዲስ አሥራ አራቱን ድንጋዮች ከሣሩ ውስጥ ለቅሞ ደረደራቸው።

"ኡስታ፣ አንዱ ብቻ ጎደለ። እሱ ካልተገኘ በሩ አይቆምም።"

"መብረቅ ፈጨው አልኩህ።"

"መብረቅ ወፍጮ ቤት ከፈተ እንዴ?" ብሎ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። መሐንዲሱም ሄደ፤ ድንጋዮቹም እንደተደረደሩ ቀሩ።

የኖራው አቧራ ሳንባቸውን ጎድቶት ሁለት ዓመት ከታመሙ በኋላ፣ በተወለዱ በ75 ዓመታቸው ጥቅምት 19 ቀን 2023 ንጋት ላይ አረፉ። ባለቤታቸውን ገውሐር ሐኑምን፣ ልጃቸውን ሐይረቲንንና ሦስት የልጅ ልጆችን ትተው አልፈዋል። ሐይረቲን ከጀርመን እስኪደርስ በግንቡ ኮረብታ ላይ የሚፈጸመው ቀብር ለነገ ተላልፏል። አላህ ድካማቸውን ይቁጠርላቸው፤ መቃብራቸውን ያስፋላቸው።

ይህ ጽሑፍ ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት ከሰዓት በኋላ ለገውሐር ሐኑም ተነበበላቸው። ምድጃው አጠገብ ተቀምጠው እስከ መጨረሻው ሰሙ። ጀላልም፣ "የቀረ ነገር አለ እንዴ? መብረቁን ስምንት ላድርገው?" ብሎ ጠየቀ።

"መብረቅ አልነበረም፣ ልጄ" አሉ ቀስ ብለው።

ከዚያም ተነሥተው ከምድጃው በላይ ያለውን ልስን በቢላ ጫፍ ፋቁት። ጥላሸት ከጠጣው ኖራ ሥር የድንጋዩ ጠርዝ ብቅ አለ።

"ሮማኑን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነው የለሰነው። ሙሽራ ነበር፣ ግንበኛ ነኝ ባይ ነበር፤ ከሰው ሁሉ የሚበልጥ ድንጋይ ላምጣልሽ ብሎኝ ይህን ከበሩ አናት ነቀለ። በሩም አንድ ወር እንደምንም ቆይቶ በረዶ ሲከብደው ወደቀ። እሱም ያን ቀን እዚሁ እሳት ይሞቅ ነበር፤ ድምፁን አብረን ሰማነው። ከዚያ ወዲህ ሃምሳ ዓመት ኖራ ተሸክሞ ወጣ፤ ይህን አንድ ድንጋይ ግን ለመሸከም አፈረ።"

ቢላውን ለጀላል አቀበሉት።

"ነገ እሱን ወደ ኮረብታው ስታወጡት፣ ድንጋዩን አስቀድሙት።"